የደጋ ፈረስ ቆላ በወረደበት ቀን

ሰው ቤት ተጋብዤ የሠርግ ቪዲዮ ሲከፈት ውኃ ልጠጣ ብዬ እነሣለሁ። ባለቤቴ አመሌን ስለምታውቀው ዝም ትላለች፤ ሌላው ግን «ይበልጣል ደግሞ ሠርግ ጠላቱ ነው» እያለ ይቀልድብኛል። ጠላቴስ ሠርጉ አይደለም። ሙሽራዋ ከእናቷ ጉልበት ላይ ጎንበስ ስትል የሰው ድምፅ ጠፍቶ ዘፈን የሚገባባትን ቦታ ነው ማየት የማልችለው። እኔ ራሴ ለስንት ሙሽራ እንዲያ አድርጌ ሠርቻለሁ። የአንዷን ታሪክ ዛሬ ልንገራችሁ። ትንሽ ስለ ኮምፒዩተር የሆድ ዕቃ ማውራቴ አይቀርምና ታገሡኝ፤ ጥፋቴ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

የእንጅባራው ዩኒቨርሲቲ ገና በግንባታ ላይ ሳለ ነው። ዳንግላ ተወልጄ ያደግሁ፣ በኮምፒዩተር ዲፕሎማ የያዝሁ፣ ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላኝ ሰው ነበርሁ። እንጅባራ ከመናኸሪያው በላይ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ኮምፒዩተር እጠግናለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ካሜራ ይዤ ሠርግ አነሣለሁ። ቤታችን የሚነገረው አማርኛ ብቻ ስለነበረ አገውኛ አልችልም። ከማነሣው ሠርግ ግማሹ በአገውኛ ነው፤ ግን ዘፈን ስለምጭንበት ቋንቋውን አለመቻሌ አንድ ቀንም አሳስቦኝ አያውቅም።

ከተማው የሚያውቀኝ ግን በሌላ ነው። ኮምፒዩተር አስጋልባለሁ። ፕሮሰሰር፣ ማለት የኮምፒዩተሩ አንጎል፣ ከፋብሪካ ሲወጣ በዚህ ፍጥነት ሥራ ተብሎ ነው የሚወጣው። ቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ ፍጥነቱንም የሚደርሰውንም መብራት ከፍ ካደረጋችሁለት፣ ከተባለው በላይ ይሠራል። ይህን እኛ ማስጋለብ እንለው ነበር፤ የፈረስ አገር ነውና ከዚህ የተሻለ ስም አልተገኘለትም። የተጋለበ ፕሮሰሰር ደግሞ ይግላል። አዲስ አበባ ያሉት ልጆች በውኃ የሚያቀዘቅዝ ዕቃ ያስመጣሉ ሲሉ እሰማለሁ፤ እኔ መስኮት እከፍታለሁ። የእንጅባራን ብርድ እንደ ራሴ ንብረት ነበር የምቆጥረው። «ማቀዝቀዣ ለቆለኛ ነው» እያልሁ እፎክር ነበር።

ፉከራው ሳያንሰኝ አንድ ትልቅ ማቀዝቀዣ አስመጣሁና ፕሮሰሰሩ ላይ ተከልሁበት። አሁን የምነግራችሁን ያኔ አላውቅም ነበር። ከፕሮሰሰሩ ጎን፣ ሁሉ ነገር በሚሰካበት ሰሌዳ በማዘርቦርዱ ላይ፣ መብራቱን እየመጠኑ ለፕሮሰሰሩ የሚያቀብሉ ትንንሽ ጥቁር ክፍሎች አሉ። ደህና ማዘርቦርድ ላይ ሙቀታቸውን የሚቀበል ብረት ይደፋላቸዋል፤ የእኔው ርካሽ ስለነበረ ራቁታቸውን ነው የመጡት። የድሮው ፋን ወደ ታች ስለሚነፍስ እነሱንም ያናፍሳቸው ነበር። አዲሱ ወደ ጎን ነው የሚነፍሰው። ስክሪኑ ላይ የማየው የፕሮሰሰሩን ሙቀት ብቻ ስለነበረ፣ እሱ ቀዝቅዞ ሳየው ሁሉ ነገር ሰላም ይመስለኝ ነበር። ፈረሱ ላይ ጭነት እየጨመሩ ባለፈረሱን ብቻ «ደከመህ ወይ?» ብሎ እንደ መጠየቅ ነው።

በግንቦት መጀመሪያ አንድ ማለዳ፣ ጥቁር የለበሱ ሴትዮ በሬ ላይ ቆሙ። በሻሽ የጠቀለሉት ሲዲ ይዘዋል። መልካቸውን አውቀዋለሁ፤ እማማ ጥሩወርቅ ናቸው፣ ጥር ላይ የልጃቸውን የስመኝን ሠርግ ያነሣሁላቸው፣ ወደ አዘና በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ካለ መንደር። ጥቁሩን ልብስ ልብ ሳልል አፌ ቀደመኝ።

«እማማ፣ ይግቡ እንጂ። ስመኝ እንዴት ናት?»

«አርፋለች» አሉኝ። «ከፋሲካ ማግሥት። አራት ቀን ታመመች፣ አለቀ።»

ምን እንዳልሁ አላስታውስም። ወንበር አቀረብሁላቸው መሰለኝ። ሻሹን ፈትተው ሲዲውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት፤ እኔው ሠርቼ ለአማቾቿ የሰጠሁት ነው።

«ልጄ፣ ይኸን ከአማቾቿ ቤት ወስጄ አየሁት» አሉ። አማርኛቸው ዝግ ያለ ነው፤ እያንዳንዱን ቃል መርጠው ነው የሚያወጡት። «ስትሰናበተኝ ጉልበቴ ላይ ሆና ታወራኛለች። አፏ ይንቀሳቀሳል፣ ድምጿ የለም። ዘፈን ነው ያለበት።»

«አዎ እማማ፣ እንደዚያ ነው የሚሠራው።»

«ያን ቀን አልሰማኋትም። ከበሮው አለ፣ እኔም አለቅሳለሁ። እሺ፣ እሺ አልኋት እንጂ ምን እንዳለችኝ አልሰማሁም። በመልሱ እጠይቃታለሁ አልሁ፤ በመልሱ ቤቱ በእንግዳ ሞላ። ኋላ እጠይቃታለሁ አልሁ።» ሲዲውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። «ያቺ ድምጿ አለች? ያቺን ብቻ ስጠኝ። ሌላውን አልፈልግም።»

ለሠርግ ካሜራ የምጠቀምበት ሜሞሪ ለቀጣዩ ሠርግ ይጠፋል፤ ከካሜራው የተገለበጠው ግን ከነድምፁ ኮምፒዩተሬ ውስጥ ነበረ። ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ፈለግሁት፤ አገኘሁት። ስመኝ ጎንበስ ብላ ታወራለች። ከበሮው ከላይ ከላዩ ይመታል፣ ሆታው ይጮኻል፣ የእሷ ድምፅ ከሥር ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ጠቅላላው አንድ ደቂቃ አይሞላም። እማማ ጥሩወርቅ ከኋላዬ ቆመው ጆሮዬ ላይ ያለውን ማዳመጫ ያያሉ።

አውልቄ ጆሯቸው ላይ ማድረግ ነበረብኝ። በቃ፣ ያን ያህል ነው። ወይም ስልክ ላይ መገልበጥ፤ የደቂቃ ሥራ ነው። እኔ ግን ባለሙያ ነኛ። ከበሮ የተጫነበት ድምፅ ለሐዘንተኛ እናት መስጠት አነሰብኝ።

«አለች እማማ» አልኋቸው። «ግን ይቆዩኝ፣ ከበሮውን ላጽዳልዎ። ሠርጉንም እንዳለ በድምፅ አድርጌ እንደገና እሠራዋለሁ። ለአርባዋ አደርስልዎታለሁ።»

«ያቺን ብቻ…»

«በጥራት ነው የምሰጥዎ፤ ትንሽ ይጠብቁኝ።»

እሳቸውም «እሺ፣ እሺ» ብለው ወጡ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያችን አንድ ደቂቃ ደጋግሜ ከፈትኋት፤ ስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። ከበሮውን ለይቼ አወጣሁት ማለት ይቻላል። የቀረው ሬንደሩ ነበረ፤ ሬንደር ማለት ተቆራርጦ የተቀጠለውን ኮምፒዩተሩ አንድ ወጥ አድርጎ የሚያወጣበት ሥራ ነው። የሦስት ሰዓት ሠርግ አምስትና ስድስት ሰዓት ይፈጃል። በዚያ ሰሞን ደግሞ መብራት ሦስት ሰዓት ከቆየ እልል ነው፤ መሐል ላይ ሲጠፋ ከዜሮ ነው የሚጀመረው። ሁለት ጊዜ እንዲያ ሆነብኝ። ስለዚህ ከወትሮው በላይ አስጋለብሁት። መስኮቱን ከፍቼ፣ የኮምፒዩተሩን የጎን ክዳን አውልቄ ስሞክረው ንቅንቅ አላለም። ኩራቴ አይጣል ነበር።

ለአርባው ሦስት ቀን ሲቀር ኃይለኛ ነጎድጓድ መጣና የሰፈራችን ትራንስፎርመር ተቃጠለ። «መቼ ይሠራል?» ሲባል መልስ የሚሰጥ የለም። ጫግኒ ፎቶ ቤት ያለው ሙሉቀን የሚባል የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ነበረኝና ደወልሁለት፤ መብራት አለ፣ ና አለኝ። ሲነጋ ኮምፒዩተሩን በጋቢ ጠቅልዬ መናኸሪያ ስደርስ እማማ ጥሩወርቅ አገኙኝ። ሊጠይቁኝ ነው የመጡት።

«እኔም አብሬህ እወርዳለሁ» አሉ።

«ምን ያደክምዎታል እማማ? ነገ አመጣልዎ የለ?»

«እዚያው ልስማት።»

ሚኒባሱ ውስጥ ኮምፒዩተሩን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥሁ፤ እሳቸው አጠገቤ። ቁልቁል በወረድን ቁጥር አየሩ ይሞቃል፤ ጋቢውን ገፈፍሁት፣ ሹራቤንም አወለቅሁ። እሳቸው ዕቃውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት።

«ይኸ ነው የምታስጋልበው?»

ወሬዬ መንደራቸው ድረስ መድረሱ ደስ አለኝ። «እሱ ነው። እንዲህ የሚሮጥ ዞኑ ውስጥ የለም።»

«አይደክመውም?»

«እንዴት ይደክመዋል እማማ፣ ዕቃ እኮ ነው።»

በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ፣ «አባቷ ፈረስ ነበረው» አሉ። «የደጋ ፈረስ ቆላ በወረደበት ቀን አይጋለብም ይል ነበር። አንድ ቀን ቆሞ አየሩን ይልመድ ይላል። እግሩን አትይ፣ እግሩ ደህና ነው፤ የሚፈርሰው ልቡ ነው ይል ነበር።»

ሳቅሁ። በክፋት አይደለም፤ የባላገር ወግ መስሎኝ ነው። ዛሬ ያቺ ሳቄ ከሁሉ ትብስብኛለች።

የሙሉቀን ቤት ጫግኒ መናኸሪያ አጠገብ ነው፤ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር አቧራው ቤት ይገባል። ኮምፒዩተሩን ሰክቼ የጎን ክዳኑን ገጠምሁት፣ አቧራ እንዳይገባ ብዬ። ቅንብሩን አልነካሁትም፤ ያው እንጅባራ ያስጋለብሁት ነው። ከጧቱ አራት ሰዓት ላይ ሬንደሩን አስጀመርሁ።

ሙሉቀን ነገሩን በጨረፍታ ሰምቶ ወደ ጥግ ወሰደኝ። «እስካሁን አላሰማሃቸውም እንዴ?»

«ሲያልቅ ይሰሟታል።»

«ያቺን ቁራጭ አስቀድመህ ፍላሽ ላይ ብትገለብጣት ምን አለበት?»

«አሁን ተጀምሯል፣ ሬንደር ላይ እያለ አይነካም።»

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አለኝና ወደ ደንበኞቹ ሄደ።

እማማ ጥሩወርቅ ስክሪኑ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ቁጥሩ ሲጨምር ያያሉ፤ «ስንት ደረሰ?» ይሉኛል። ሃያ። አርባ ሁለት። ስልሳ። ሙሉቀን ለስላሳ አምጥቶላቸው ሳይነኩት ሞቀ። ከሰዓት ላይ ቤቱ እንደ ምድጃ ሆነ፤ ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል። የፕሮሰሰሩን ሙቀት አየሁ፤ ትንሽ ጨምሯል እንጂ አያሠጋም። ሰባ አምስት። ሰማንያ።

«ልጄ፣ የሚሸተኝ ነገር አለ» አሉ።

እኔም ሸተተኝ። «ከመናኸሪያው ነው፤ ጎማ አቃጥለው ይሆናል» አልሁ።

«ከዚህ ነው» አሉ፣ በጣታቸው ወደ ኮምፒዩተሩ እያመለከቱ።

ሰማንያ ስድስት ላይ ነበርን። እጄን ወደ ማጥፊያው ስሰድ ጧ አለ። እንደ ርችት ነው የጮኸው። ስክሪኑ ጨለመ፤ ከኋላው ቀጭን ጭስ ወጣ። ገመዱን ነቅዬ ክዳኑን ከፈትሁት። ትልቁን ማቀዝቀዣ በእጄ ብይዘው ለብ ብቻ ነው ያለው። ከጎኑ ግን ሁለቱ ጥቁር ክፍሎች ፈንድተው፣ ከሥራቸው ያለው ማዘርቦርድ ከስሏል። መብራቱን ከግድግዳ ተቀብሎ የሚያድለው ፓወር ሳፕላይም የርካሽ ርካሽ ነበረና ሲሞት ብቻውን አልሞተም፤ የያዘውን መብራት ሁሉ ሥራዬ ሁሉ በተቀመጠበት በሃርድ ዲስኩ ላይ ለቀቀው። ያንን ያወቅሁት ሃርድ ዲስኩን ፈትቼ የሙሉቀን ኮምፒዩተር ላይ ስሰካው ነው። «ጭ… ጭ… ጭ…» ይላል፣ ሌላ የለም። ነቅዬ ሰካሁት። ደገምሁት። ሙሉቀን እጄን ያዘኝ።

«ተወው ይበልጣል። በሞከርኸው ቁጥር ይብስበታል።»

እማማ ጥሩወርቅ ከወንበራቸው አልተነሡም። «ሞተ?» አሉኝ።

ኋላ አዲስ አበባ ድረስ ልኬዋለሁ፤ ውስጡም ተጎድቷልና አይነሣም ብለው መልሰውልኛል። ያኔ ግን ይህን አላውቅም፤ ቢሆንም «ይድናል» ለማለት አፌ አልታዘዝ አለኝ። ራሴን ነቅንቄ አዎ አልኋቸው።

መመለሻ ሚኒባስ እስኪሞላ ከመናኸሪያው ዳር ማንጎ ሥር ተቀመጥን። ቢሰድቡኝ፣ ቢያለቅሱ፣ ቢረግሙኝ ምን ነበረበት? መሬት መሬት ያያሉ። ኋላ ቀና ብለው አዩኝ።

«አንተ ሰምተሃታል አይደል?»

«ሰምቻታለሁ እማማ።»

«ምን አለችኝ?»

«አገውኛ አልችልም።»

«ግድ የለም። እንደሰማኸው በላት። ትርጉሙን እኔ አውቃለሁ።»

ዓይኔን ጨፈንሁ። ያን ሁሉ ጊዜ የሰማኋት ነገር ናት፤ ጆሮዬ ላይ ያለች መስሎኝ ነበር። የመጀመሪያዋ ቃል መጣችልኝ፤ በተሰበረ አፌ አወጣኋት። እማማ ጥሩወርቅ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ።

«ድገመው።»

ደገምሁት።

«ቀጥል።»

መቀጠል አልቻልሁም። ከቃሏ ቀጥሎ የሚመጣልኝ ከበሮው ነው። ድም፣ ድም ድም፣ ድም። አመታቱን አንድ ሳላጎድል ጉልበቴ ላይ ልመታላችሁ እችላለሁ፤ ዛሬም እችላለሁ። ያን ሁሉ ቀን ያዳመጥሁት እሷን አልነበረም ለካ፤ ላጠፋው የምፈልገውን ከበሮ ነበር።

«ሌላው ጠፋብኝ እማማ» አልሁና ልቅሶዬ አመለጠኝ። ሰው በሞላበት መናኸሪያ እንደ ሕፃን አለቀስሁ። አጽናኟ እሳቸው ሆኑ።

እየተንተባተብሁ፣ «ቃሏ እናቴ ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አይደለም። ትርጉም የለውም» አሉ። «አፏ ሳይፈታ ለእኔ ያወጣችልኝ ስም ነው። ካደገች ወዲህ ትታው ነበር። ሌላ ሰው በዚያ ስም ጠርቶኝ አያውቅም።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እንግዲህ ያን ቀን ጠርታኝ ነበር።»

የአርባው ዕለት ባዶ እጄን ሄድሁ። ሰው ፊት የት እገባለሁ ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡኝ፤ ማንነቴን ለጠየቀ ሁሉ «የስመኝ ወዳጅ ነው» ይሉ ነበር።

ከዚያ በኋላ ኮምፒዩተር አስጋልቤ አላውቅም። የሰው ኮምፒዩተር ስከፍት አስቀድሜ የማየው እነዚያን ጥቁር ክፍሎች ነው፤ ራቁታቸውን ከሆኑ ለባለቤቱ እነግረዋለሁ፣ ባይገባውም እነግረዋለሁ። ሠርግ ካነሣሁ የጥሬውን ግልባጭ ለሁለቱም ቤት ሳልሰጥ አላድርም። አገውኛም ተማርሁ፤ ሦስት ዓመት ፈጀብኝ። ቋንቋውን ስችል የጠፋው ይመለስልኛል ብዬ ነበር። አልተመለሰም፤ እንዲያውም በተማርሁ ቁጥር የማውቃቸው ቃላት እየመጡ በቦታዋ ይቀመጡብኝ ጀመር። አንድ ጊዜ «እንዲህ ሳትል አልቀረችም» ብዬ አንድ ዓረፍተ ነገር ይዤ ብሄድ፣ እማማ ጥሩወርቅ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ።

«ይኸ ያንተ ነው» አሉኝ። «አትጨምርባት።»

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ሰው ትንሽ ነገር ሲለምናችሁ ያችኑ ትንሽ ነገር በዚያው ሰዓት ስጡ። ካላሳመርሁት አልሰጥም አትበሉ። ከበሮው ቢኖርበትም ስጡ።

እማማ ጥሩወርቅ ዛሬም አሉ፤ ዓይናቸው ደክሟል። በዓመት አንድ ሁለቴ ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጤናቸው እናወራለን። ልሰናበት ስነሣ ወደ ጉልበታቸው ጎንበስ እላለሁ። «በል እንጂ» ይሉኛል። ያችን ስም እጠራላቸዋለሁ፣ እንደሰማኋት አድርጌ።

«እሺ» ይላሉ። «እሺ።»